የገንዘብ ያዡ መስኮት

ሳንሱሲ ውስጥ አንድ እድር ነበር። የወር መዋጮ የሚከፈለው በገንዘብ ያዡ መስኮት ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ ብሩን ይቆጥራል፣ የዕለቱን ቀን ያያል፣ የዘገየ ሰው ላይ ቅጣት ይጨምራል፤ ከዚያ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ለማንም አያዳላም።

አንድ ክረምት የቢሮው ጣሪያ አፈሰሰና መዝገቡ ራሰ። ወደ አዲስ መዝገብ እንዲገለብጠው የታዘዘው ወጣት ጠንቃቃ ነበርና፣ ሕግ እንዳይጥስ ብሎ የድሮውን ክፍያ ሁሉ አንድ በአንድ በመስኮቱ አሳለፈው። ገንዘብ ያዡም እንደ ልማዱ የዕለቱን ቀን እያየ፣ ከዓመታት በፊት በጊዜው በተከፈለው ሁሉ ላይ ቅጣት ጻፈ።

በጥቅምት የአንዲት እናት ባለቤት አረፉ። መዝገቡ ሲገለጥ፣ አንድ ወር አጓድለው የማያውቁት ሴት ባለ ውዝፍ ሆነው ተገኙ። ድንኳኑ ከመጋዘን አልወጣም። የእድሩ ዳኛ ወጣቱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ምን አደረግህ?»

«ጋሼ፣ እንደ ሕጉ ነው የሠራሁት። ሁሉንም በመስኮቱ አሳለፍኩት።»

«መስኮቱ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ነው። እኚህ እናት ያኔ ከፍለው ጨርሰዋል። የታዘዝከው እንድትገለብጥ ነው፤ እንደገና አስከፈልካቸው። በል፣ መጀመሪያ ድንኳኑ ይውጣ።»

ፕሮግራመሮች ኦብጀክት ሪሌሽናል ማፐር የሚሉት መሣሪያ ይህ ገልባጭ ነው፤ ከዳታቤዝ ያነበበውን ወደ ኦብጀክት ይመልሳል። ፊልድ መዝገቡ ነው፣ ፕሮፐርቲ መስኮቱ፤ ሲነበብ በጌተሩ፣ ሲጻፍ በሴተሩ ያልፋል። በጃቫው ሃይበርኔት የአይዲ አኖቴሽን ፊልዱ ላይ ከተቀመጠ መሣሪያው በቀጥታ ፊልዱ ላይ ይጽፋል፤ ጌተሩ ላይ ከተቀመጠ በሴተሩ በኩል ያልፋል። የማይክሮሶፍቱ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 3.0 እትም ጀምሮ፣ ከፕሮፐርቲው ጀርባ ያለውን ፊልድ ካወቀ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር በእሱ ይጠቀማል።

መሣሪያው በሴተሩ ሲያልፍ የሚደርሰው ጉዳት በእኛ አገር ሶፍትዌር ላይ የከፋ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ተቀብሎ ወደ ግሪጎሪያን የሚቀይር ሴተር፣ ከዳታቤዝ የመጣውን ግሪጎሪያን ቀን ዳግመኛ ሲቀይረው የልደት ዘመን 7 ወይም 8 ዓመት ወደፊት ይሸሻል። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ የስህተት መልእክት አይወጣም፤ የጡረታ ጊዜው የደረሰ ሰው ግን ወረቀት ላይ ገና ሆኖ ይገኛል።

ሰው የሚያስገባው አዲስ መረጃ በመስኮቱ ይለፍ፤ ማጣሪያው የተሠራው ለዚያ ነው። ቅጣት፣ ወለድ ወይም የቀን ልወጣ የሚሠራ ሴተር የጻፋችሁ ሁሉ ግን ዛሬውኑ ኮዳችሁን ክፈቱና ማፐሩ በየት በኩል እንደሚገባ እዩ። በሴተሩ ከሆነ ወደ ፊልዱ አዙሩት።