በጥንት ዘመን ሲኒማ ስለሚታየው ክፉ ሰው

የጥንቱን ዘመን ታሪክ የሚያሳይ ሲኒማ ተመልክቶ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከደጉ ይልቅ ክፉውን አጥብቆ የሚያስታውሰው ስለ ምን ነው? ሥልጣኑ ስለሚያስፈራ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሥልጣን ብቻውን አይበቃም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. የወጣው «ኩዎ ቫዲስ» ኔሮን ቄሣርን ያሳያል፤ ተዋናዩም ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ሮም በእጁ ናት፤ ከተማይቱን ያቃጥላል፤ ክርስቲያኖችን ለአንበሳ ይሰጣል። ሆኖም ተመልካቹ በዘፈኑና በውዳሴ ከንቱ ጥማቱ ይሥቃል እንጂ ስለ ራሱ አይፈራም። የኔሮን ክፋት ሁሉ በፊቱ ላይ የተጻፈ፣ ሰም የሌለው ወርቅ ነውና ለሚፈታው ሰው ምንም አላስቀረም።

በ1959 ዓ.ም. ዊልያም ዋይለር ባዘጋጀው «ቤን ሁር» ውስጥ ያለው መሳላ ግን ከዚህ እጅግ የተለየ ነው። መሳላ ሮማዊ፣ ይሁዳ ቤን ሁር አይሁዳዊ ሲሆኑ በልጅነታቸው እንደ ወንድማማች የሚዋደዱ ባልንጀሮች ነበሩ። መሳላ የጦር አለቃ ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ ተቃቅፈው ደስ ይላቸዋል፤ እንደ ጥንቱም ጦር ወርውረው በአንድ ግንድ ላይ ይተክላሉ። ኋላ መሳላ በሮም ላይ የሚያጕረመርሙትን ሰዎች በስም እንዲነግረው ይሁዳን ይጠይቀዋል፤ ይሁዳም ወገኖቹን አሳልፎ መስጠትን እንቢ ስላለ ይለያያሉ። ከዚህ በኋላ አዲሱ አገረ ገዥ በይሁዳ ቤት አጠገብ ሲያልፍ ከጣራው ሸክላ ይወድቃል፤ ገዥውም ከፈረሱ ይወድቃል፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ይያዛል።

እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። መሳላ ወደ ጣራው ወጥቶ ሸክላውን በእጁ ይነካዋል፤ ልል ሆኖም ያገኘዋል። ነገሩ ድንገተኛ አደጋ እንጂ ሤራ አለመሆኑን በዐይኑ አየ ማለት ነው። ይህን ካየ በኋላ ባልንጀራውን ወደ መርከብ ቀዛፊነት፣ እናቱንና እኅቱን ወደ ወህኒ ይሰዳል። አላወቀም እንዳይባል አይቷል፤ አልቻለም እንዳይባል ሥልጣኑ በእጁ ነው፤ የቈየ ጠላት ነበር እንዳይባል ይወደው ነበር። የሠረገላው እሽቅድምድም ስሙ በዓለም ሁሉ ቢሰማም፣ የሲኒማው ክብደት ያለው ከጣራው እስከ ምድር ባለችው በዚያች ጥቂት መንገድ ላይ ነው። ተመልካቹም የሚያዘው በዚህ ነው፤ እውነትን አይቶ እንዳላየ ሆኖ መውረድን በቤቱም በሥራውም ያውቀዋልና።

በዛሬ ዘመን ግፍ የሚሠራ ሰው በደብዳቤና በማኅተም ብዛት መካከል ይሰወራል፤ ማን እንዳዘዘ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በጥንቱ ዘመን ሲኒማ ግን ከልብ እስከ ፍርድ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ገዥው ያሰበው ወዲያው ይፈጸማል። ስለዚህ የልቡ መዞር በግልጽ ይታያል።

የክፉን ሰው ልብ እስከዚህ ገልጦ ማሳየት ለክፋቱ ምክንያት መስጠት ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋውም ቀላል አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሪድሊ ስኮት ባዘጋጀው «ግላዲያተር» ውስጥ ኮሞዱስ የአባቱን ፍቅር የተጠማ ልጅ ነው። ማርቆስ አውሬሊዎስ መንግሥቱን እንደማያወርሰው በነገረው ጊዜ፣ አባቱ ከሚያከብራቸው ከጥበብ፣ ከፍትሕ፣ ከጽናትና ራስን ከመግዛት አንዱም በእርሱ ዘንድ እንደሌለ ራሱ ይናገራል። ሽማግሌውም ተንበርክኮ የልጁን ጕድለት የራሱ የአባትነት ጕድለት አድርጎ ይናዘዛል። ልጁ ግን እያለቀሰ አባቱን በደረቱ አፍኖ ይገድለዋል። (በታሪክ እንዲህ አልሆነም፤ ማርቆስ አውሬሊዎስ ልጁን በ177 ዓ.ም. የመንግሥቱ ተካፋይ አድርጎት ነበር።) ዕንባው እውነተኛ ነው፤ ግድያውም እውነተኛ ነው። ሲኒማው አንዱን በሌላው አላጠበም። ሲመኘው የኖረው የአባቱ ፍቅር ተንበርክኮ በፊቱ በቆመ ሰዓት መግደሉ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ስለ ተጐዳ ሰው ማዘን አንድ ነገር ነው፤ ከፍርድ ማውጣት ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት ያልጠበቀው በ1956 ዓ.ም. የወጣው የሴሲል ደሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት» ነው። ዩል ብሪነር ራምሴስን ሆኖ ግርማው ያስደንቃል፤ ነገር ግን ሲኒማው የፈርዖንን ልብ መደንደን ለንግሥቲቱ አንደበት ሰጠው፤ እርስዋ ስለ ዘበተችበት ንጉሡ ይጨክናል። ይህ ኀጢአቱን ከንጉሡ ትከሻ አውርዶ በሴት ራስ ላይ መጫን ነው። በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው ከዚህ የጠለቀ ነው። እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና የሚለው ቃል በመቅሠፍቶቹ መካከል የሚመጣው ንጉሡ ደጋግሞ ልቡን ካደነደነ በኋላ ነው። በበረዶው መቅሠፍት ጊዜም ፈርዖን ሙሴንና አሮንን አስጠርቶ መበደሉን በአፉ ተናግሯል። በረዶው ጸጥ ባለ ጊዜ ግን ወደ ቀድሞ ነገሩ ተመለሰ። እንደ ብሪነር ላለ ተዋናይ ያች ሰዓት፣ ንጉሡ በደጁ ቆሞ ቀና ሲል የጠራውን ሰማይ የሚያይባት ሰዓት ተሰጥታው ቢሆን ምንኛ ባሳየ ነበር!