ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ የሚሰጠው ማን ነው?

በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን የእንስሳት በሽታ ፈርታ ከአፍሪካ ቀንድ የሚጫነውን የቁም ከብት አገደች። እገዳው እስኪነሳ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። ከጅግጅጋ፣ ከሀርትሼክና ከአውበሬ ገበያዎች ተነስቶ በቶጎጫሌ በኩል በርበራ ወደብ ይደርስ የነበረው በግና ፍየል ዋና ገዢውን አጣ።

በዚህ ንግድ ገንዘብ የሚመጣው ከእንስሳው ኋላ ነው። አርብቶ አደሩ በጎቹን ለነጋዴ በእምነት ይሰጣል፤ ነጋዴው ለላኪ ያስረክባል፤ ሒሳቡ ከባሕር ማዶ ሲመለስ ሁሉም ድርሻውን ይቀበላል። እስከዚያ ድረስ ባለሱቁ ሩዙን፣ ስኳሩንና ዘይቱን በዱቤ ይሰጣል። ገዢው ሲቀር ታዲያ ባለሱቁም፣ ነጋዴውም፣ ባለከብቱም በአንድ ጊዜ ዕዳ ውስጥ ገቡ።

በበለጸጉት አገሮች እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የመጀመሪያው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ ማዕከላዊ ባንኩ የወለድ ተመኑን ይቀንሳል። ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ቀንሶ ተመኑን ከዜሮ እስከ 0.25 በመቶ አወረደው። የቤት ብድር ያለበት ውሉን በርካሽ አድሶ ወርሃዊ ክፍያውን ያቀልላል። ፋብሪካው ሠራተኛ ከማሰናበት ተበድሮ መቆየትን ይመርጣል። በቁጠባው ወለድ የሚኖር ጡረተኛ ግን ገቢው ይደርቃል።

የጅግጅጋው ነጋዴ ዕዳ ወለድ የለውም። ሃይማኖቱ ስለሚከለክለው ወለድ አይከፍልም፣ አይቀበልምም። የማይከፈል ወለድ ደግሞ አይቀነስም። ለእርሱ የክፉ ቀን እፎይታ ከየት ይመጣል?

ቁርኣን ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አለው። በሱረቱል በቀራ ወለድ እርም ከተባለ በኋላ ወዲያው የሚከተለው ትእዛዝ ስለ ተቸገረ ባለዕዳ ነው፤ እስኪቀናው ድረስ ጊዜ ስጡት፣ ብትምሩት ደግሞ ይበልጣል የሚል ይዘት አለው። ክልከላውና ምሕረቱ አብረው መምጣታቸው ልብ ሊባል ይገባል። በመጽሐፍ ቅዱስም ነህምያ በረሃብ ዘመን እርሻቸውንና ወይናቸውን ለእህል ያስያዙ ድሆች ሲጮኹ ሰምቶ መኳንንቱን ሰብስቦ ገሥጿል፤ የወሰዱትን እርሻና ወለዱን እንዲመልሱም አድርጓል። በሁለቱም መጻሕፍት የሚጠየቀው አበዳሪው ራሱ ነው። ተበዳሪውን ያውቀዋል፣ ችግሩንም ያያል፤ ስለዚህ ፊቱን ማዞር አይፈቀድለትም። የማዕከላዊ ባንክ ቅናሽ ግን ሰውን አይለይም። ዝናብ ለቀረበትም፣ ሦስተኛ ፎቅ ለሚጨምረውም እኩል ይደርሳል፤ እንዲያውም ብዙ የተበደረው ብዙ ይጠቀማል።

ይህ ሲባል የወለድ አልባው መንገድ ከጥያቄ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ባንኮች ወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ የተፈቀደው በ2004 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ነው። ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች የመጡት ከ2011 ዓ.ም. ፈቃድ በኋላ ነው፤ ዘምዘምና ሂጅራ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ጅግጅጋ ላይ ደግሞ የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ሄሎካሽ የተባለውን አገልግሎት ይዞ ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ ለብዙዎች አስለመደ፤ ኋላም ሸበሌ ባንክ ሆነ። ለዘመናት ባንክ ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ሃይማኖቱን ሳይጥስ ደንበኛ መሆን መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

በእነዚህ ባንኮች የሚበዛው ውል ሙራበሃ ነው። ደንበኛው አይሱዙ ሲፈልግ ባንኩ መኪናውን ራሱ ይገዛና ትርፉን ጨምሮ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተፈረመ አይነካም። የገበያው ወለድ ቢጨምር ደንበኛው አይጎዳም፤ ቢቀንስም አይጠቀምም። በብዙ አገር ባንኮች ትርፋቸውን የሚተምኑት የገበያውን ወለድ አይተው ነው። ፓኪስታናዊው የእስልምና ሕግ ሊቅ ሙፍቲ ታቂ ኡስማኒ ይህ ውሉን ሐራም ባያደርገውም ተወዳጅ አለመሆኑን ጽፈዋል። ስለዚህ የተመን ቅናሽ ወለድ አልባውን ደንበኛ ጨርሶ አይነካም ማለት አይቻልም። አዲስ የሚፈርመው ይቀልለት ይሆናል፤ ትናንት የፈረመው ግን ገበያው ሲቀዘቅዝ በቀድሞው ዋጋ ታስሮ ይቀራል።

ከዚህም የከበደ ጥያቄ በቆጣቢው በኩል አለ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ያን ዓመት 7 በመቶ ያገኘ ቆጣቢ የገንዘቡን የመግዛት አቅም አንድ አምስተኛ ያህል አጣ። በአደራ ሒሳብ ምንም ሳያገኝ ያስቀመጠው ሙስሊም ቆጣቢ ደግሞ ሩብ ያህሉን አጣ። በዚያው ገንዘብ አይሱዙ የተገዛለት ሰው ዕዳው በየወሩ እየቀለለ፣ መኪናው እየተወደደ ሄደ። ደካማውን ከብርቱው ለመጠበቅ የተደነገገ ሕግ፣ ብር በሚሟሟበት ዘመን የአንዲት ሻይ ሻጭ ቆጣቢ ጥሪት ወደ ባለመኪናው ሲያሻግር ማየት ያማል። ጥፋቱ የክልከላው አይደለም፤ የብሩ ነው። ያም ሆኖ ኡለሞቹና ባንከኞቹ ይህን በግልጽ ሊነጋገሩበት ይገባል። ትርፍና ኪሳራ የሚጋራው የሙዳረባ ቁጠባ ለድሃ ደንበኞች እስከ ታች ካልወረደ፣ ወለድ አልባነቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ምስኪኑን ብቻ ይሆናል።

ግዴታ ምጽዋት በሆነው በዘካ በኩል ሲታይ ደግሞ ሌላ መልክ አለ። ኒሷብ የተባለውን ዝቅተኛ መጠን የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ላይ 2.5 በመቶ ይወጣል። በ2006 ዓ.ም. የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶም የጃፓኑ ተመናቸውን ከዜሮ በታች ያወረዱት የተኛ ገንዘብ ተነስቶ እንዲሠራ ነበር። ዘካ ይህንኑ ግፊት በየዓመቱ ያደርጋል፤ ልዩነቱ የሚወጣው ገንዘብ የሚሄድበት ቦታ ነው። ከስምንቱ ተቀባዮች አንዱ ዕዳ ያጎበጠው ሰው ነው።

ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የዘካ ሰብሳቢውም እጁን ይሰበስባል። በሂጅራ 18ኛው ዓመት፣ የአመድ ዓመት በተባለው ድርቅ፣ ኸሊፋው ዑመር የከብት ዘካ መሰብሰቡን አዘገዩ። መንግሥት ከድሃው የሚጠይቀውን በክፉ ቀን ማቆሙ የዛሬ ገዢዎችም ቢያስቡት የሚጠቅም ነው።

በ2008 ዓ.ም. የሲቲ ዞን ሰው፣ ከሽኒሌ እስከ አይሻ፣ ድራና ከረን የሚባሉትን ዝናቦች አጥቶ ከብቱን ሲቀብር፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በሶማሌ ክልል ሲከሽፉ፣ የትኛውም የወለድ ቅናሽ የሞተን ግመል አያስነሳም ነበር። የደረሰው ቃራን ነው፤ ጎሳ ከየቤቱ አዋጥቶ ለወገኑ የሚሰጠው። የደረሰው ከውጭ ዘመድ በሐዋላ የላከው ነው። የሃግባድ እቁብ ሴቶችም ተራቸውን ለተቸገረችው ለቅቀዋል። ነገር ግን ድርቁ ሁሉንም አንድ ላይ ሲመታ አዋጪውም የሚዋጣለትም ይደክማሉ፤ የዘመድ ምሕረት ወሰኑ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወሰን በላይ የተጻፈ ውል ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የዓለም ምግብ ፕሮግራም ደግፎት በተጀመረው የእንስሳት መድን፣ የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት ተለክቶ ከመጠን ሲወርድ አርብቶ አደሩ ካሳ ያገኛል፤ ከብቱ እስኪሞት አይጠበቅም። ይኸው ልኬት በሙራበሃ ውሎች ውስጥ መግባት ይችላል። ግጦሹ ሲከስም የዚያ ወረዳ ተበዳሪ ያለ ቅጣትና ያለ ጭማሪ ክፍያው ይራዘምለታል ተብሎ ከፊርማው በፊት ይጻፍ። ባንኩ ወጪውን አስቀድሞ ያሰላዋል፤ ተበዳሪውም በክፉ ቀን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን መልካም ፈቃድ አይለምንም።