ስም ከማውጣትሽ በፊት ሚዛን ግዢ

ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ የምትሠሪውን የፀጉር ቅባት ጓደኞችሽ ስለወደዱት ስም አውጥተሽ ገበያ ልታወጪው እንደተነሣሽ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ቅባትና ሎሽን እየሸጥኩ ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «መጥፎ ነው» የሚለው ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚለው «እንደ ድሮው አይደለም» ነው። ዝነኛ ስም የሚፈርሰው በዚህ ነው።

ስለዚህ ከአርማውና ከቀለሙ በፊት ሚዛን ግዢ። በማንኪያና በብርጭቆ መለካት ለቤት ይበቃል፤ ለሽያጭ ግን ሺአ ቅቤውም፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱም፣ ሰሙም በግራም ይመዘን። በአንድ ጊዜ ላዘጋጀሽው ሁሉ አንድ ቁጥር ስጪው፤ ዘይቱን ከማን እንደገዛሽ፣ ምን ያህል እንዳሞቅሽውና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፊ፤ ቁጥሩን በየብልቃጡ ሥር ለጥፊ። ራሴን አሳከከኝ የምትል ደንበኛ ስትመጣ ከየትኛው ዙር እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ፤ ከዚያው ዙር የገዙትንም ደውለሽ ትጠይቂያለሽ። ከየዙሩ አንድ ብልቃጥ ሳትሸጪ አስቀሪና በየወሩ ክፈችው። ሺአ ቅቤ ቀልጦ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ አሸዋ የመሰለ ጥራጥሬ ይሠራል። ጉዳት የለውም፤ ደንበኛዋ ግን ተበላሽቷል ብላ ታስባለች። ቶሎ ማቀዝቀዝ ይረዳል።

አጥብቄ የምነግርሽ ስለ ውኃ ነው። ዘይትና ቅቤ ብቻ ያለበት ቅባት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ጠረኑ ይለወጣል፤ ቫይታሚን ኢ ይህን ያዘገያል። እሬት ወይም የጽጌረዳ ውኃ ስትጨምሪበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራቡበታል፣ ቫይታሚን ኢም አያስቆማቸውም። ፕሪዘርቫቲቭ ያስፈልገዋል፤ ዓይነቱንና መጠኑን ከኬሚስት ጋር ወስኚ፣ ላብራቶሪም አስመርምሪው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ኬሚካል የለበትም» የሚለው ማስታወቂያ የማንንም ዓይንና ቆዳ ከኢንፌክሽን አያድንም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለመዋቢያ ምርቶች ምን እንደሚጠይቅም ማምረቻ ቦታ ሳትከራዪ ጠይቂ፤ ከተከራየሽ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ውድ ነው።

ስምን በተመለከተ አኒ ማሎንን እወቂልኝ። በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ለጥቁር ሴቶች የፀጉር ምርት ታዘጋጅ ነበር። አስመሳይ ሲበዛባት እ.ኤ.አ. በ1906 «ፖሮ» የሚለውን ስም አስመዘገበች። ከሻጮቿ አንዷ የነበረችው፣ ልብስ በማጠብ ልጇን ያሳደገችው ሳራ ብሪድላቭ፣ ኋላ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ተብላ የራሷን ፋብሪካ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከፈተች። የራሷን ፎቶ በቅባቷ ቆርቆሮ ላይ አደረገች። ሁለቱም ዕቃ ብቻ አልሸጡም፤ ፀጉር እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚያዝ የሚያሳዩ ሴቶችን አሠልጥነው አሰማሩ። እኔ ከማንኛውም ማስታወቂያ አስበልጬ የማየው ይህን ነው።

እኛም አገር ብዙ ወጣት የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረው የንግድ ስም የንግድ ምልክት ይመስላቸዋል። አይደለም። ምልክቱን የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። «ንጹሕ ቅባት» የመሰለ፣ ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ስም አትምረጪ፤ የራስሽ ልታደርጊው ያስቸግርሻል።

ገበያው ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ጨምሪ ማለቱ አይቀርም። እባክሽን እንቢ በይ። አንዳንዱ ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል። ፊታቸው ተቃጥሎ መድኃኒት ቤት የመጡ ሴቶችን አይቻለሁ፤ ያንን ትርፍ ለሌላ ተዪው።

ዋጋ ስታወጪ የብልቃጡን፣ የክዳኑንና የመለያ ወረቀቱን ወጪ ቁጠሪ፤ ብዙ ጊዜ ከውስጡ ቅባት ይበልጣል። ለራስሽም ደመወዝ አስቢ፤ በነፃ የሠራሽበት ዋጋ ሠራተኛ የቀጠርሽ ዕለት ያከስርሻል። አንድ ፀጉር ቤት ምረጪና ሄደሽ ለሠራተኞቹ አጠቃቀሙን በእጅሽ አሳዪያቸው፤ ትንንሽ መሞከሪያ ስጫቸው። በወሩ መጨረሻ ተመልሰሽ ስንት ሴት በራሷ ገንዘብ እንደገዛች ጠይቂ፤ ሁለተኛ ጊዜ የገዙትን ለብቻ ጻፊያቸው። ሱቅ ስለ መክፈት የምናወራው ያንን ገጽ ይዘሽልኝ ስትመጪ ነው።