የጋራው ወጪ በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ?

ብዙ ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ሲሠራ የጋራው ወጪ በየትኛው ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ፣ የሒሳብ ሹም ከመዝገቡ ጋር ብቻውን የሚጨርሰው ጉዳይ ቢመስልም፣ ውስጡ ሲመረመር የፍትሕና የርትዕ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በ6ኛው ምዕራፍ፣ ምእመናን አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲያግዝ ካዘዘ በኋላ፣ ጥቂት ቍጥር ወረድ ብሎ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል፤ አንባቢም ሁለቱን ቃላት እንደሚጣሉ ቢቈጥራቸው አይፈረድበትም። እኔ ግን፣ የንባቡ ተራ ምንም ቢሆን፣ የራሱን ሸክም ልክ ያላወቀ ሰው የወንድሙን ማገዙን ሊያውቅ ስለማይችል፣ ዕውቀቱ ይቀድማል፣ ርኅራኄው ይከተላል እላለሁ።

አንድ ማተሚያ ቤት በወር ውስጥ መኪናውን አሥር ጊዜ ለሥራ አዘጋጀ እንበል፤ አንዱ ዝግጅት በብዙ ሺህ ለሚታተም የትምህርት መጽሐፍ፣ ዘጠኙ ግን እያንዳንዳቸው መቶ ሁለት መቶ ለሚሆኑ የሠርግ መጥሪያዎች ነው። ለእያንዳንዱ መጥሪያ ፊደል ለቃሚው እንደ አዲስ ይለቅማል፣ ቀለሙ ተጠርጎ ሌላ ይገባል፣ አራሚውም የሙሽራይቱን አባት ስም ደግሞ ደጋግሞ ያያል። የዝግጅቱ ወጪ በጠቅላላው 6,000 ብር ቢሆንና የሒሳብ ሹሙ እንደ ልማዱ በሠራተኛ ሰዓት ቢያካፍለው፣ ከ1,000 ሰዓት 900ውን የወሰደው መጽሐፍ 5,400 ብር ሲሸከም፣ መጥሪያዎቹ በ600 ብር ይገላገላሉ። በዝግጅቱ ብዛት ሲታሰብ ግን ፍርዱ ይገለበጥና መጽሐፉ 600፣ መጥሪያዎቹ 5,400 ብር ይደርስባቸዋል። ከገንዘቡ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችም፣ አልጐደለችምም፤ የተለወጠው ባለዕዳው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ይህን ነገር አጥብቀው የመረመሩት ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን የተባሉ የሃርቫርድ መምህራን ናቸው። ለምሳሌ በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት የነበረው፣ ለእርሻ መኪና ሠሪው ለጆን ዲር የመኪና ክፍሎችን የሚያመርተው ፋብሪካ፣ ጥቂት ጥቂት የሚሠሩትን ዕቃዎች በርካሽ፣ በገፍ የሚያመርታቸውን ደግሞ በውድ ይተምን ስለ ነበር፣ ሊበልጥበት በሚገባው ጨረታ ይሸነፍ ነበር። የሰው ጉልበት የወጪው ዋና ክፍል በነበረበት ዘመን የተሠራው መስፈርት፣ መኪና ሠራተኛውን ከተካ በኋላም አልተለወጠምና። መምህራኑ ያስፋፉት ሥርዓት፣ ወጪውን አስቀድሞ በየተግባሩ ሰብስቦ፣ የእያንዳንዱን ተግባር መንሥኤ ፈልጎ፣ እያንዳንዱን ምርት በተጠቀመበት ልክ ማስከፈል ነው።

እንግዲህ በአሮጌው ሥርዓት የተማሪው አባት የማያውቀውን ሙሽራ ድግስ ሲደጕም ኖሯል። ይህን ምጽዋት ብሎ መጥራት አይቻልም፤ ሰጪው አልፈቀደም፣ ተቀባዩም አላመሰገነምና። ነገር ግን ሒሳቡ የሚመሰክረው ወጪውን ማን እንዳመጣው እንጂ ማን ይክፈል የሚለውን አይደለም። አንድ ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜና ብዙ እጅ የምትፈልገው ከሩቅ አገር በአልጋ የመጣችው በሽተኛ መሆኗን በሒሳብ ቢደርስበት፣ ከደጅ ይመልሳት ዘንድ ሒሳቡ አላዘዘውም፤ ሸክሟን የሚያግዝላት ከሆነ ግን ስንት እንዳገዘ ዐውቆ ያግዛል።

ሌላም ወሰን አለ። ኩፐር ወጪን በአራት ደረጃ ሲከፍል፣ ከአንዱ ዕቃ፣ ከአንድ ጊዜ ዝግጅትና ከምርቱ ዓይነት ሌላ፣ ድርጅቱ ራሱ ቆሞ እንዲኖር የሚወጣውን ለይቶ አስቀምጧል። የማተሚያ ቤቱን የሌሊት ዘበኛ መጽሐፉም መጥሪያውም አልቀጠሩትም፤ ደመወዙን በቍጥር ብልሃት ከሁለቱ በአንዱ ላይ መጫን ጨዋ የሚመስል የሐሰት ምስክርነት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለሙሽሮቹ ሊራራ ቢወድ ይራራ፤ የራራበትን ገንዘብ ግን በመዝገቡ በስሙ ይጻፈው፣ የዘበኛውንም ደመወዝ በማንም ላይ ሳይጭን ለብቻው ያስቀምጠው።