የቀዓት ልጆች ሸክም

በመጽሐፍ ቅዱስ የትውልድ ዝርዝር ሲመጣ ብዙዎቻችን ገጹን ቶሎ ገልጠን ማለፍ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ስሞች አንዱን፣ የሌዊን ልጅ ቀዓትን፣ ይዘን ብንከተለው ከአንድ ትልቅ ጥያቄ ላይ ያደርሰናል። ይኸውም ሰው ከአባቱ የሚወርሰው ምንድን ነው? ክብርን ነው? በደልን ነው? ወይስ ሥራን?

ሌዊ ጌድሶንን፣ ቀዓትንና ሜራሪን ወለደ። ቀዓትም 133 ዓመት ኖረ፤ ልጆቹም እንበረም፣ ይስዓር፣ ኬብሮንና ዑዝኤል ነበሩ (ዘጸ. 6፥16-18)። ስለ ቀዓት ስለ ራሱ ከዚህ የበለጠ ብዙም አልተጻፈም። ከእንበረም አሮንና ሙሴ፣ ከይስዓር ደግሞ ቆሬ ተወለዱ። እንግዲህ ሊቀ ካህናቱ አሮንና ዓመፀኛው ቆሬ የወንድማማች ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ለጌድሶን ልጆች 2 ሠረገላና 4 በሬ፣ ለሜራሪ ልጆች 4 ሠረገላና 8 በሬ ተሰጣቸው። ለቀዓት ልጆች ግን አንድም አልተሰጣቸውም (ዘኁ. 7፥6-9)። ታቦቱን፣ ገበታውን፣ መቅረዙንና መሠዊያዎቹን በትከሻቸው መሸከም ነበረባቸው። ለዚህ ሥራ የተቈጠሩት ከ30 እስከ 50 ዓመት የሆናቸው 2,750 ነበሩ። አሮንና ልጆቹ አስቀድመው ገብተው ንዋየ ቅድሳቱን ይሸፍናሉ፤ ተሸካሚዎቹ ቢነኩት ወይም ገብተው ቢያዩት ሞት ነበረባቸው። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜ ልክ ተሸክሞ የተሸከሙትን አለማየት! ንጉሥ ዳዊት ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ ባስጫነ ጊዜ ዖዛ ተቀሠፈ፤ በኋላ ግን ከቀዓት ልጆች አለቃው ኡርኤል ከ120 ወንድሞቹ ጋር ተጠራ፤ ታቦቱም በሌዋውያን ትከሻ ሄደ (1 ዜና 15)። በአገራችንም በጥምቀት ታቦቱ በካህን ራስ ላይ ሆኖ ሲወርድ ስናይ ይህ ትከሻ ትዝ ሊለን ይገባል።

ቆሬ ግን ሸክሙ አነሰበት። ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ሆኖ ሳለ ሙሴና አሮን ስለ ምን ከፍ ከፍ ይላሉ ብሎ ተነሣ (ዘኁ. 16)። ነገሩ ለጆሮ ጥሩ ነው። ሐሰትም አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉ የተቀደሰ እንዲሆን በሲና ተነግሮ ነበርና። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? የአይሁድ መምህራን፣ ቆሬን ያስቈጣው የቀዓት ወገን አለቅነት ለታናሹ ወንድም ለዑዝኤል ልጅ ለኤሊሳፋን መሰጠቱ ነው ይላሉ። አብረውት የተነሡት ዳታንና አቤሮንም የበኵሩ የሮቤል ልጆች ናቸው። እኩልነትን እየሰበኩ በልባቸው የሚቈጥሩት የትውልድ ተራቸውን ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይህን ስንል ግን አለቃ አይጠየቅ ማለታችን አይደለም። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት በጠየቁ ጊዜ ነገራቸው ቅን ሆኖ ተገኝቷል (ዘኁ. 27)። አባታቸው ከቆሬ ወገን እንዳልነበረ አስቀድመው መናገራቸውም ልብ የሚባል ነው። እኛ ወጣቶችም «ሁላችን እኩል ነን» በምንልበት ጊዜ ይህን ቃል የምንናገረው ከኋላችን ለቆመው ነው ወይስ ከፊታችን ያለውን ለማውረድ? በጉባኤያችን ምንጣፍ የሚያነጥፈውና ወንበር የሚሸከመው፣ መድረክ ላይ የሚናገረውን እያየ ሥራው ሲያንስበት ይህን ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። መድረክ ላይ ያለውም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ በመሠዊያው አጠገብ ሲሞቱ የአባታቸው ክህነት አላዳናቸውምና።

የአባት ክብር ልጅን ካላዳነ፣ የአባት በደልስ ልጅን ያጠፋልን? መጽሐፉ የቆሬን ጥፋት ከነገረን በኋላ ልጆቹ ግን እንዳልሞቱ በአንዲት አጭር ቃል ያመለክታል (ዘኁ. 26፥11)። ነቢዩ ሳሙኤል ከእነርሱ ዘር ነው፤ የልጅ ልጁ ኤማንም በዳዊት ዘመን የመዘምራን አለቃ ሆኗል (1 ዜና 6፥33-38)። ሌሎቹ የቆሬ ልጆች የደጁ መድረክ ጠባቂዎች ሆኑ። በስማቸው ከተጠሩት መዝሙራት አንዱ፣ 83ኛው፣ አባታቸው ወደ ውስጥ ለመግባት ሲል የሞተበትን ቤት ደጃፍ የሚያመሰግን ነው።