የጾም ገበታና እንግዳው ተማሪ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሥጋ መከልከል በጊዜ የተወሰነ ሥርዓት ነው። ምእመኑ ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን ጾመ ነቢያት፣ የነሐሴን ፍልሰታና ሌሎቹን አጽዋማት ሲጾም ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ድምሩ እንደ ጿሚው ትጋት በዓመት ከ180 እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ሥጋው የሚተወው ርኩስ ስለሆነ አይደለም። ፈቃደ ሥጋን ለመግታት ነው፤ ስለዚህም ጾሙ በፍስክ ይፈታል። ሥጋ የማይበላው ሂንዱ ወይም ጄይን ግን የሚመራው በሌላ ሐሳብ ነው። እርሱ የሚሸሸው ነፍስ ያለውን ፍጡር መጉዳት ነውና ክልከላው ወቅት አያውቅም፤ ወተትና ቅቤ ግን ብዙውን ጊዜ ይፈቀዱለታል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ የሽሮ ሰሐን ላይ ሲገናኙ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። አንድ ማኅበረሰብ ለራሱ አምልኮ የሠራው ሥርዓት ለእንግዳው መጠለያ ሊሆነው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በትንቢተ ዳንኤል የመጀመሪያ ምዕራፍ ዳንኤል፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ተማርከው ባቢሎን የገቡ ወጣቶች ናቸው፤ ሦስት ዓመት እንዲማሩና ከንጉሡ ማዕድ እንዲመገቡ ተወሰነላቸው። እነርሱ ግን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ። ትርጓሜው ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በወጣቶቹ ጽናት ላይ ቢሆንም የጃንደረቦቹ አለቃ ፍርሃትም ልብ ሊባል ይገባዋል። ልጆቹ ከስተው ቢገኙ በንጉሡ ፊት አንገቱን የሚያስቆርጠው እርሱ ነበር። የእምነት ነፃነታቸውና የጤናቸው ኃላፊነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቁ። መፍትሔው የአሥር ቀን ፈተና ሆነ፤ አለቃው ፍርሃቱን አልደበቀም፤ እርሱ የሾመባቸው ኃላፊም ጥያቄውን ሳይንቅ ውጤቱን በዐይኑ አይቶ ወሰነ። እንግዳ ተማሪ ለሚቀበል ተቋም ከዚህ የተሻለ አብነት አይገኝም።

ኢትዮጵያም ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎችን ማስተናገድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950 ዓ.ም. በአክራ ለተሰበሰቡት ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ ካሳወቁ በኋላ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ገብተው ተምረዋል። ከህንድ የመጡ መምህራንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዘመን አስተምረዋል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ደግሞ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። ተማሪ የሚመደበው በማዕከል ስለሆነ፣ ከቆላ ወደ ወሎ ቦረና ደጋ የወጣ ኢትዮጵያዊም ቢሆን በምግቡ ረገድ ከባዕድ አገር ሰው ብዙም አይለይም።

በዚህ አገር ከባዱ ጉዳይ ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለው ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፣ ሙስሊሙ በአላህ ስም ያርዳል፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ሥጋ ቤቶችም በመስቀልና በጨረቃ ምልክት ይለያሉ። መጻሕፍቱን ላነበበ ሰው ነገሩ ያስገርማል። የቁርኣን የማኢዳ ምዕራፍ 5ኛ አንቀጽ የመጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ ለሙስሊሞች የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በገበያ የተሸጠውን ሥጋ ሳይመረምሩ እንዲበሉ ይፈቅዳል። ልማዱ ግን ከሁለቱም ይጠብቃል። ይህ የሆነው ሥጋው የማንነት ማኅተም ስለሆነ ነው፤ የሌላውን እርድ መብላት ሃይማኖት እንደ መለወጥ ይቆጠራል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊሞች ተጠመቁ ባሉበት ዘመን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው ብዙ ነበር። በእንዲህ ያለ ምድር የገበታ ወሰን ተጠብቆ መቆየቱ የግትርነት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ሰው በግድ ያልተነጠቀውን ነገር አጥብቆ የያዘበት መንገድ ነው።

ወሎ ግን ወሰኑን ሳያፈርስ አብሮ የመብላት ብልሃትም አበጅቷል። ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬውን ሙስሊም እንዲባርክ ያደርጋል፤ ድስቱና አብሳዩም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ጾም ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል። በምስር፣ በክክ አልጫ፣ በጎመንና በሱፍ ፍትፍት የማንም ስም አልተጠራባቸውም። በያይነቱ የቀረበበት ትሪ ዙሪያ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና ሥጋ የማይቀምሰው እንግዳ ማንም ማንንም ሳያስገድድ ይቀመጣሉ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሞተው ብዙዎችም ግቢ ጥለው ከወጡ ወዲህ አብሮ መብላት ከወግ በላይ ትርጉም አለው፤ ብቻውን የሚበላ ተማሪ ችግር ሲደርስበት የሚጮህለት ሰው ያጣል።

መጠለያው ግን ቀዳዳ አለው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የጾም ድስትም ከብዙ ላውንጆች ይጠፋል። ያን ጊዜ የእንግዳው መርሕ በራሱ ሊከበር ይገባዋል፤ የሌላው ጾም ጥላ ሲገፈፍ አብሮ የሚገፈፍ ከሆነ መብት አይባልም። በፍስክ ቀን «ሥጋ የለውም» የተባለ ሽሮ ቅቤ ሊኖረው ይችላል፤ ቦዘና ሽሮ ሥጋ የገባበት መሆኑን የማያውቅ ሰውም አለ። «የጾም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ የተሻለ መልስ ያስገኛል። እንጀራ ሁሉ የጤፍ የሚመስለው እንግዳም እንደ ደቡብ ወሎው ለጋምቦ ባለ ደጋ የገብስ ዱቄት እንደሚገባበት ካልተነገረው፣ ግሉተን የማይስማማው ከሆነ ይታመማል።

ተመጋቢ ድስት ውስጥ አያይም። መብላት ማመን ነውና የእውነቱ ዕዳ በአብሳዩ ላይ ነው፤ እርድን የሚለየው ጥንቃቄም፣ ቅቤን የሚደብቀው ቸልተኝነትም የሚመዘነው በዚህ ነው። ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ ይህን ያስረዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት፣ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ የዕለት ምግብ ሆነ፤ በውስጡ ያለው መርዝም ብዙ ሰው፣ ይበልጡንም ወጣት ወንዶችን፣ እግራቸውን ሽባ አደረገ፤ ጉዳቱም አይድንም። አደጋው የሚከፋው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን፣ በተለይም ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ ወይም በእሸቱ ሲበላ ነው፤ ከእህል ጋር መቀላቀሉ ያቃልለዋል። በሳምንት አንድ ቀን ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ የቀመሰ ተማሪ ሽባ አይሆንም። ቢሆንም ርካሽ ነው ተብሎ የአተር ሽሮ ስም የተሰጠው ጓያ ውሸት ነው፤ በየቀኑ ሽሮ ከመብላት ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ደግሞ የውሸቱ የመጀመሪያ ተጎጂ ይሆናል።

ድስቱ እውነተኛ ቢሆንም የጤናው ጉዳይ ይቀራል። ጿሚው ጾሙ ሲፈታ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከሥጋ የሚመልሰውን ቫይታሚን ቢ 12፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የማይቀምስ ተማሪ ከአትክልትና ከጥራጥሬ አያገኘውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፤ ሲታወቅ ደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ሆኖ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ ቫይታሚኑን በእንክብል መውሰድ አለበት፤ ይህንንም የግቢው ክሊኒክ በመጀመሪያው ሳምንት ሊነግረው ይገባል።