በገዛ ርስቱ የሚሠራ ሰው ማንን ይጠይቅ?

አንባቢ ሆይ፤ «ቤቱ የእኔ፥ ግቢውም የእኔ ነው፤ አንድ ክፍል ብጨምር ማንን እጠይቃለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ግድግዳው በግቢህ ቢቆምም ጥላው በጎረቤትህ መስኮት ላይ ይወድቃል። የእንግሊዝ አገር ሕግ በፈረንጆች ቍጥር ከ1947 ወዲህ ባለርስት ሁሉ ለሚሠራው ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል። ሆኖም ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ጋራ የተያያዘ ሰው ደርብ የሌለው ክፍል በስተኋላ እስከ 3 ሜትር ድረስ፥ ብዙውን ጊዜ ያለ ማመልከቻ መጨመር ይችላል። እስከ 6 ሜትር ሊያስረዝም ቢወድ ግን አስቀድሞ ለሹማምንቱ ያስታውቃል፤ እነርሱም ጎረቤቱን ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ስለ 3ቱ ሜትር ጎረቤቲቱን የሚጠይቃት ሹም የለም። ባለቤቱስ ከመጠየቅ ነጻ ወጣን? እኔስ አይመስለኝም። በመስኮቷ ሥር ተቀምጣ ልብስ የምትሰፋ ባልቴት የጧት ብርሃኗ ሲቀርባት፥ ሕጉ አልከለከለኝም ማለት ምን ይጠቅማታል? መሠረቱ ሳይቈፈር ፕላኑን ይዞ ወደ ደጇ ይሂድ። ምናልባት አንድ ክንድ አሳጥርልኝ ትለው ይሆናል፤ ምናልባትም ሻይ አፍልታ ታስተናግደው ይሆናል።